ተረኛው ያልመጣበት ምሽግ

ከተመለስኩ ጀምሮ ሱቄ የሚገባው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ላስ ቬጋስ መብራት ነው። አቦ፣ መብራቱንስ አይቻለሁ! ከአውሮፕላን ላይ አይቼዋለሁ፣ ከመኪና መስኮት አይቼዋለሁ፣ አልዋሽም ያምራል። ግን እኔ ያን ሁሉ አገር ያቋረጥኩት መብራት ለማየት አይደለም፤ ወንድሜን ከፈረሰ ምሽግ ላይ ለማውረድ ነው። ይህን ስል ሰዉ ይስቃል። ከየሰዉ ጋር ስጨቃጨቅ ከምውል ብዬ እንደሆነው አድርጌ ቀን በቀን ጽፌ አስቀምጬዋለሁ። ድሬዳዋ ቁጭ ብላችሁ የምታነቡ ሰዎች፣ እዚያ ባትደርሱም ብዙ አልቀረባችሁም፤ ሙቀቱን እንደሆነ እዚሁ አላችሁ።

ዓርብ

የነገሩ መነሻ ስልክ ነው። የደወለችው የወንድሜ የይልማ ሚስት ሰብለ ናት። ሰብለ የሆቴል ክፍል የምታጸዳ፣ ሺፍቷን ስትጨርስ ከአውቶቡስ ላይ የምትደውልልኝ ቁም ነገረኛ ሴት ናት፤ ለቅሶ ካልሆነ ድምፅዋን አታነሳም። ያን ቀን አነሳች።

«እትዬ አስካለ፣ ወንድምዎ ጥሎኝ ሊሄድ ነው!»

«በዚህ ዕድሜው ሴት አገኘ እንዴ?»

«ሴት ብትሆንማ ፀጉሯን ይዤ እገላገል ነበር። በረሃ ነው የሚሄደው።»

ይልማ ታላቄ ነው። በወጣትነቱ ወታደር ሆኖ ኦጋዴን ተመደበ፤ ጦርነቱ ሲነሳ ደብዛው ጠፋ። አልቅሰን፣ ተዝካሩን አውጥተን ከተቀመጥን በኋላ ከጎረቤት አገር የስደተኞች ካምፕ «አለሁ» የሚል ወሬ መጣልን። ከዚያ አሜሪካ አሻገሩት። ላስ ቬጋስ ከገባ ጀምሮ ሥራው አንድ ነው፤ የትልቅ ሆቴል የሌሊት ጥበቃ። ሌሊት ይቆማል፣ ቀን ይተኛል። የቀን ሺፍት ሲሰጡት እንኳ እምቢ ይል ነበር፤ እኛ ለኦቨርታይሙ መስሎን ነበር።

ዘንድሮ ጡረታ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ሌሊትም ቀንም እንቅልፍ የለም። ከከተማው ወዲያ፣ በረሃው ውስጥ፣ የድሮ የአሜሪካ ወታደሮች የሠሩት ምሽግ አለ፤ ሲመሽ መኪናውን አስነስቶ እዚያ ይሄዳል፣ ሲነጋ ይመለሳል። አሁን ደግሞ በመኪና የሚጎተት አሮጌ ቤት ገዝቶ፣ ወሩ ሲያልቅ ጠቅልሎ ምሽጉ አጠገብ ሊገባ ነው። ልቡ ደግሞ በመድኃኒት የቆመ ልብ ነው። እዚያ ስልክ አይሠራም፣ ሰው የለም።

«ብቻውን ወድቆ ይቀርብኛል» አለች ሰብለ። «ከእርስዎ በቀር የማንንም ቃል አይሰማም።»

እኔ የተማሪ ዩኒፎርም ሰፊ ነኝ። ትምህርት ከተከፈተ በኋላ ሥራው ይቀዘቅዛል፤ ቪዛም ከዚህ በፊት ለልጃቸው ለሄለን ምርቃት ብዬ አውጥቼ ጉልበቴ አሞኝ የቀረሁበት ነበረኝ። ሱቁን ለሠራተኛዬ ትቼ፣ በሶና በርበሬ ቋጥሬ በዓርቡ ተነሳሁ። በርበሬው ዋሽንግተን ላይ ጉድ አፈላብኝ። ፈታሹ ጎልማሳ ከረጢቱን ከፍቶ አፍንጫውን ካልከተትኩ አለ። ሲያስነጥስ፣ ሲያስነጥስ፣ ጓደኞቹ ውሃ ይዘው መጡ። «ይማርህ» አልኩት፤ ምን ላድርገው? ከረጢቱን በሁለት ጣቱ ይዞ መለሰልኝ።

ቅዳሜ

ላስ ቬጋስ ከአውሮፕላን ሲወርዱ፣ ሻንጣ እንኳ ሳይያዝ፣ የቁማር ማሽን ተደርድሮ ይጮሃል። አንዲት አሮጊት ቦርሳዋን በእግሯ ቆንጥጣ አንዱን ማሽን ትደበድባለች። አውሮፕላን ያመለጣት መስሎኝ አዘንኩላት። ልትቀበለኝ የመጣችው ሄለን ሳቀች። እዚያው ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት፣ አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም።

«አይደለም አክስቴ፣ እሱ ፕሌይ እያደረገ ነው። ገና አሁን ነው የመጣው።»

ቤታቸው ሰንራይዝ ማነር ነው፤ ሠራተኛው ሕዝብ የሚኖርበት፣ ከተማው ሲያልቅ ተራራው የሚጀምርበት ሰፈር። ግቢው ሣር የለውም፣ ጠጠር ነው። እንደኛ ደቻቱ ዝናብ ሲዘንብ ብቻ ወንዝ የሚሆን ደረቅ መውረጃ አላቸው፤ የእነሱ ግን በሲሚንቶ የተለበጠ ነው። እኛ አሸዋው ላይ ገበያ እንዘረጋለን፣ እነሱ አጥር አጥረውበታል። ሰብለ በር ላይ አቅፋኝ ቆየች። ከስታለች፣ ምስኪን።

ይልማ ቤት አልነበረም። አረፍ እንዳልኩ በሩ ተከፈተና ገባ። ጫማው ነጭ አቧራ ለብሷል። ፀጉሩ አልቋል፣ ትከሻው ግን ያው የአባታችን ትከሻ ነው። ተቃቀፍን፣ ተላቀስን። እኔ ግን ለቅሶዬን ሳልጨርስ ጀመርኩት።

«ይህን ሁሉ አገር አቋርጬ መጥቼ ቤት አትገኝም ጋሼ?»

«ሥራ ላይ ሆኜ ነው አስኩ።»

«ጡረታ ወጥተህ የምን ሥራ?»

«ጡረታ የወጣሁት ከሆቴሉ ነው» አለና ጫማውን ሊያራግፍ ወጣ።

ዓይኑን አየሁት። ዓይኑ ያነጋግርሃል እንጂ አያይህም፤ ከትከሻህ በላይ አሻግሮ የሆነ ነገር ይጠብቃል።

እሁድ

ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ ከበበኝ፤ ሁሉም ስለ ይልማ የየራሱ መድኃኒት አለው። አንዲት እናት ጸበል ትላለች። አንድ ታክሲ ነጂ ደግሞ፣ «ካዚኖ ቢለክፈው ይሻል ነበር፤ ለካዚኖ ሱስ እንኳ የሚደወልበት ቁጥር አለ» አለኝ። ሳቅን። ግን ማንም አብሮት ሄዶ ምሽጉን አላየም። ለምን ብዬ ስጠይቅ እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ ብቻ፣ በቀን ሄዶ ሳይወርድ ከመኪናው እንደተመለሰ ነገረኝ። ምክንያቱን አልነገረኝም።

ምሳ ላይ የልጅነት ጨዋታ ተነሳ። ያደግነው ሐረር ጦር ሰፈር ነው፤ አባታችን ሃምሳ አለቃ ነበር። ጨዋታችን ዘብ ዘብ ነበር፤ ይልማ አለቃ፣ እኔ ዘብ። ከማገዶ ክምሩ አጠገብ ዱላ አስይዞ ያቆመኛል። ሕጉን ከአባታችን ሰምተናል፤ ዘብ በራሱ አይነሳም፤ የሚነሳው ተረኛው መጥቶ ሲረከበው ብቻ ነው። አንድ ቀን አቆመኝና ኳስ ሊጫወት ሄዶ ረሳኝ። እናቴ ለራት ብትጠራኝ፣ ብትቆጣኝ፣ በኩርኩም ብትለኝ ንቅንቅ የለም። ንፍጤን እያዝረከረክሁ ቆሜያለሁ። በመጨረሻ አባቴ ወጣ። አልሳቀብኝም። ቀበቶውን አጠበቀና ፊቴ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ምን አለ?»

«ሁሉም ደህና!»

«ዘቡን ተረክቤያለሁ። ሂጂ፣ ዕረፊ።»

ዱላውን ተቀበለኝ። ያኔ ነው እየሮጥኩ ቤት የገባሁት።

ይህን ሳወራ ሰብለና ሄለን በሳቅ ፈነዱ። ይልማም ይስቅ ነበር፤ በመሃል ግን ሳቁ ተቋረጠና ሹካውን አስቀመጠ። «አባባ ደግ ሰው ነበር» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ነገ አብረን እንሂድ። እይው። አይተሽው ይበቃሃል ካልሽኝ እሰማሻለሁ። እተወዋለሁ ግን አልልሽም፤ አልዋሽሽም።»

ሰኞ

ሄለን ከሥራዋ ኦፍ ወስዳ እሷ ነዳች። ሰብለ ሺፍት ስለነበራት ቀረች፤ ስንወጣ የልቡን መድኃኒት፣ አወሳሰዱን በጆሮዬ እያስጠናች፣ ቦርሳዬ ውስጥ ከተተችው።

ቦልደር ሲቲ ቁርስ ለመብላት ቆምን። ቁማር የተከለከለባት፣ ጸጥ ያለች ትንሽ ከተማ ናት፤ በዛፎቿ የእኛኑ ሰፈር ከዚራን አስታወሰችኝ። መንገድ እየተሻገርን ሳለ አንድ ሠራተኛ ከመሥሪያ ቤት ወጥቶ ባንዲራ መስቀል ጀመረ። ይልማ ቀጥ አለ። እኔም አላሰብኩትም፣ ወላሂ፣ እግሬ በራሱ ገጥሞ ቆመ። በእኛ ሰፈር ለባንዲራ ጥሩንባ ሲነፋ የማይቆም አልነበረም፤ እናቴ እንኳ ጭልፋዋን ይዛ ትቆም ነበር። ታዲያ ሁለት ሽማግሎች መሃል መንገድ ላይ ተገትረን መኪናው ሁሉ ቆመልን። አንድ ሰውዬ መኪናውን ፓርክ አድርጎ ውሃ ይዞልን ሮጠ፤ ሙቀት የመታን መስሎታል።

«እባካችሁ፣ ኢምባረስ እያደረጋችሁኝ ነው!» ትላለች ሄለን። ውሃውን ጠጣን፤ እንዴት እንቢ ይባላል?

ከዚያ ወደ ደቡብ ነው። መንገዱ እንደ ክር ቀጥ ያለ ነው፤ ግራና ቀኙ ሜዳ፣ ከሜዳው ወዲያ የተላጨ ተራራ። የእኛ በረሃ ቢያንስ ግመል ያሳልፋል፣ ፍየል ያሳልፋል፤ እዚህ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። ጥርጊያው መንገድ ከመጀመሩ በፊት አንዲት ቡና ቤት አለች። ባለቤቷ ነጭ ፀጉሯን የጎነጎነች ሴት ናት። ይልማን ስታየው በስሙ ጠራችው። ሰንደል ጫማዬን ስታይ ደግሞ ራሷን ነቀነቀች፤ ጓዳ ገብታ የእናቷን የቆዳ ቦት ይዛ መጣች። ተንበርክካ ራሷ አደረገችልኝ። በልኬ ነበር።

ይልማ እጁን ሊታጠብ ሲሄድ ሴትዮዋ ወደ እኛ ጠጋ ብላ የሆነ ነገር ጠየቀች። ወደ ሄለን ዞርኩ።

«ምን አለች?»

«ዳዲ ሲያልፍ ሁልጊዜ ሁለት ቡና ነው የሚገዛው አለች። ጓደኛው ለምን ከመኪና አይወርድም፣ ሼም ይዞት ነው ወይ አለች።»

ይልማ ሲመለስ ጠየቅኩት። አላፈረም። «ዘብ ላይ ላለ ሰው ትኩስ ነገር ይወሰድለታል። አንቺስ ሻይ ይዘሽ ትሄጂ አልነበር?» አለኝ። እውነት ነው፣ እናቴ ማታ ማታ ለበሩ ዘብ በእኔ እጅ ሻይ ትልክ ነበር። ግን እኔ የወሰድኩለት ሰው ነበረ።

ጥርጊያውን ጥቂት እንደሄድን ጎማ ፈነዳ፤ መለዋወጫውም ነፍስ አልነበረውም። እየተንፏቀቅን ተመልሰን እዚያችው ሴትዮ ቤት አደርን። ከቡና ቤቷ ኋላ ያለውን ክፍል ለቀቀችልን፤ የባቄላ ሾርባ አበላችን፣ በርበሬ ከቦርሳዬ አውጥቼ ነሰነስኩበት፣ እሷም ቀምሳ ደገመች። ይልማ ግን ምሽቱን ሙሉ ከበሩ አልራቀም። «ዛሬ ማንም አብሮት የለም እዚያ» ይላል። «ዛሬ ብቻውን ነው።» ሌላ ሰው ቢሆን አብዷል ብዬ እገላገል ነበር።

ማክሰኞ

ጎማው እስኪሠራ ቀኑ ዘገየብንና ምሽጉ የደረስነው ከሰዓት በኋላ ነው። ስሙን አልጽፈውም፤ ማንም ተነስቶ እንዲሄድ አልፈልግም።

ምሽግ ሲሉኝ እንደ ሐረር ግንብ ያለ ነገር ጠብቄ ነበር። አራት ማዕዘን የድንጋይ ካብ ነው፤ ጣሪያ የለውም፣ ከፍ ያለው ቦታ ደረቴ ላይ ይደርሳል። በካቡ ውስጥ ጠመንጃ የሚወጣባቸው ጠባብ ቀዳዳዎች አሉ። ከበታቹ ምንጭ ይወርዳል፤ በዚያ ሁሉ ደረቅ አገር መሃል አረንጓዴ ዛፍ፣ የሚንፎለፎል ውሃ፣ እንቁራሪት። ከምሽጉ ወዲያ ባለው ዳገት ላይ የድሮ ጋሪዎች ጎማ አለቱን በልቶ ሁለት ቦይ አውጥቶበታል።

ይልማ እንደ ቤቱ አስጎበኘኝ። ወታደሮቹ እዚህ የሰፈሩት ፖስታ ለመጠበቅ ነው አለኝ። ፖስታው በጋሪ በረሃውን ሲያቋርጥ ከምንጭ ወደ ምንጭ ነበር የሚሄደው፤ በየምንጩ ጥቂት ወታደር ያስቀምጡ ነበር። ብዙዎቹ ከባሕር ማዶ የመጡ ድሆች ናቸው፣ ቋንቋውን በቅጡ የማይችሉ።

«እንዳንተ በለኛ» አልኩት።

«እንደ እኔ። ቀን ሙቀቱ፣ ሌሊት ብርዱ፣ የሚያናግራቸው ሰው የለ። እየከዱ ይጠፉ ነበር። ደሞ ወዴት ይጠፋል? ያው በረሃ ነው።»

ምንጩ ዳር ጠፍጣፋ አለት አለ፤ ላዩ ላይ እንደ ወፍጮ የተቦረቦረ ለስላሳ ጉድጓድ አየሁ። ወታደሮቹ ሳይመጡ የነበሩት የአገሩ ሰዎች እህል የፈጩበት ነው። ምንጩ የእነሱ ነበር። ኦጋዴንም እንዲሁ ነበር አለኝ ይልማ፤ የእሱ ጦር የሰፈረው የአርብቶ አደሮች ጉድጓድ ላይ ነው፤ ሴቶች ውሃ ሊቀዱ ሲመጡ ዘቡን አስፈቅደው ነበር። ምሽግ የሚሠራው ውሃ ላይ ነው፣ ውሃው ደግሞ ሁልጊዜ የሰው ነው። «እኔ ነበርኩ ቁሚ የምላቸው» አለ። እጄን የአለቱ ጉድጓድ ውስጥ ከተትኩ፤ ፀሐይ ላይ የዋለ ድንጋይ ሆኖ ሳለ ይቀዘቅዛል።

ሄለን ለጎብኚ የተተከለውን ቦርድ አነበበችልን። «መንገዱ ቼንጅ አደረገና ሶልጀሮቹ ሄዱ ይላል።»

«ሄዱ» አለ ይልማ። «ለሁሉም ተነግሮ ይሆን?»

ካቡ ውስጥ ስገባ በግንቡ ሥር፣ ከጥግ እስከ ጥግ፣ መሬቱ ተረግጦ እንደ ተለቀለቀ ወለል ለስልሷል። አንድ ሰው የሚያስሄድ ጠባብ መንገድ።

«ይኸውልህ፣ መሬቱን እንኳ ጨረስከው» አልኩት።

«እኔ ስመጣም ነበር አስኩ።»

ከዚያ ቁጭ አልንና ለማንም ያልነገረውን ነገረኝ። ጦርነቱ የደረሰባቸው ቀን ሲመሽ አሥር አለቃው ከጉድጓዱ በላይ ባለ አለት ላይ አቆመው። «ተረኛ ይመጣልሃል» ብሎት ወረደ። ተረኛ አልመጣም። ከታች ድምፅ ሰማ፣ መኪና ሰማ፣ ከዚያ ምንም አልሰማም። ሲነጋ የሰፈሩ ድንኳን ባዶ ነው። እሱ ግን ከአለቱ አልወረደም። ውሃው ሲያልቅበት፣ ምላሱ ሲያብጥበት፣ ውሃ ቀጂዎቹ ሴቶች አገኙት። ያን «ቁሚ» ይላቸው የነበረውን ልጅ ግመል ላይ ጭነው ድንበር አሻገሩት። ድንበር ማዶ ሲነቃ፣ ዘቡን ለማንም ሳያስረክብ አለቱ ባዶ ቀርቷል።

«ረስተውኝ ነው? ወይስ አልቀው ነው?» አለኝ። «ካለቁ በእኔ ዘብ ነው ያለቁት። ከረሱኝ ደግሞ እስካሁን ተረኛ አልመጣልኝም። እዚህ ስመጣ ግን ሌላ አለ። እንደኔ የተረሳ ነው። ከእሱ ጋር ስሆን ይቀለኛል።»

ልቆጣው መጥቼ አለቀስኩ። ከዚያ ደግሞ ተቆጣሁት። ሚስትህ፣ ልጅህ፣ ልብህ፣ አልኩት። አቤት፣ ያልተናገርኩት የለም! ራሱን እየነቀነቀ ሰማኝ። ፀሐይዋ ተራራውን ስትነካ ግን ተነሳ። ከካቡ ጥግ ያስቀመጠውን ወፍራም ዱላ አነሳና በዚያ መንገድ መሄድ ጀመረ። አንዱን ቡና ግንቡ ላይ አስቀምጦለታል።

እንቁራሪቶቹ ባንድ ጊዜ ጸጥ አሉ። የሰማሁት የይልማን እርምጃ ብቻ ነው፤ ወደ ጥጉ ይሄዳል፣ ይዞራል፣ ይመለሳል። ልብ ብዬ ሳዳምጥ ግን ይልማ ሲቆም እርምጃው አልቆመም። ጥቂት ይቀጥላል፣ ከዚያ እሱም ይዞራል። የሜዳ አህያ ይኖራል ብለውኛል፣ አህያ ይሆናል ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ሄለን ክንዴን ጨብጣ፣ «ዳዲ፣ እንሂድ፣ ፕሊስ!» አለች። አባቷ አልሰማትም። ደረቱን በእጁ ይዟል፣ ፊቱ አመድ መስሏል፣ ይሄዳል። ክኒኑን አፉ ላይ ባቀርብለት ከትከሻዬ በላይ እያየ አለፈኝ። ያኔ ነው በእርግጥ የፈራሁት፤ ወሩ እስኪያልቅም በሕይወት አይቆይም።

ትዝ ያለኝ የማገዶው ክምር ነው። እናቴ ስትጠራኝ ያልሰማሁት እኔ አይደለሁም? በልመና፣ በቁጣ መች ተነሳሁ?

ሄለንን ወደ መኪናው ሰደድኳት። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አጥብቄ አሰርኩ። እስከ ምንጩ ወረድኩና በሕጉ፣ በፊት ለፊት፣ እግሬን እያሰማሁ ዳገቱን ወጣሁ። የሴትዮዋ ቦት ድንጋዩ ላይ ጮኸ።

«ቁም! ማን ነህ?»

የሽማግሌ ድምፅ አይደለም። ወደ ኦጋዴን ስንሸኘው አውቶቡስ ላይ ሆኖ የጠራኝ የልጅ እግሩ የይልማ ድምፅ ነው።

«ተረኛ!» አልኩ።

እርምጃው፣ ሁለቱም እርምጃ፣ ቆመ።

«ቅረብ» አለ።

ፊቱ ሄጄ ቀጥ አልኩ። የአባቴን ድምፅ ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም።

«ምን አለ?»

«ሁሉም... ሁሉም ደህና።»

«ዘቡን ተረክቤያለሁ። ሂድ፣ ዕረፍ።»

ዱላውን በሁለት እጁ ሰጠኝ። ሞቅ ያለ ነበር። ከዚያ ዞሮ ዳገቱን ወረደ፣ ኋላውን አላየም፤ የተነሳ ዘብ ኋላውን አያይም። እኔም በሕጉ ከዓይኔ እስኪሰወር አልተነቃነቅኩም። ሰማዩ ከቀይ ወደ ጥቁር እየሄደ ነበር። በስተቀኜ፣ በዚያ በተረገጠው መንገድ ላይ፣ እርምጃው እንደገና ጀመረ፤ ቀስ ብሎ፣ ልክ ከእኔ አጠገብ አለፈ። አልዞርኩም። ሄለን መጥታ እጄን ይዛ እየጎተተች እስክታወርደኝ ድረስ ቆሜያለሁ። ዱላውን ግንቡ ላይ አስደግፌው ወረድኩ።

ይልማ መኪናው ውስጥ ክኒኑን ውጦ፣ አፉን ከፍቶ ተኝቶ ነበር።

ረቡዕ

ቡና ቤቷ ጋ እንደገና አደርን። ጠዋት ቀሰቀስነው፤ ሾርባ ጠጣ፣ መኪና ውስጥ ገብቶ ደግሞ ተኛ። ቦቱን ልመልስ ብል ሴትዮዋ እንቢ አለች። ይልማ አንድ ቡና ብቻ አዘዘ። ከዚያ ያን ተጎታች ቤት ለዕቃ ማስቀመጫ እንድትወስደው ነገራት፤ ሴትዮዋ ሄለንን አየች፣ ሄለን እያለቀሰች ነበር። ሰንራይዝ ማነር ስንደርስ ሰብለ በር ላይ ቆማለች። ባሏ ሲያልፍ ፊቱን አየችና እኔን ምንም ሳትጠይቀኝ እግሬ ላይ ልትወድቅ ቃጣት፤ ያዝኳት። ከዚያ በኋላ በነበርኩባቸው ቀናት ሌሊት ሌሊት ሲያንኮራፋ ይሰማ ነበር። ሰብለ ማንኮራፋቱ አስጠላኝ እያለች ትስቅ ነበር።

ይኸው ነው የሄድኩበት። ድሬዳዋ ከገባሁ ሰንብቻለሁ። ቦቱን ያየ ሁሉ ይስቅብኛል። በዕድሜዬ ሙሉ የማውቀው እንቅልፌ ግን ልማዱን ለወጠ፤ ጎህ ሳይቀድ እነቃለሁ፣ እዚያ ፀሐይ በምትጠልቅበት ሰዓት። ሠራተኛዬ ባለፈው ግቢውን ስትጠርግ ጠራችኝ። «እማማ አስካለ፣ እዚህ ማን ነው የሚመላለሰው?» አለችኝ። በግቢዬ ግንብ ሥር ከጥግ እስከ ጥግ መሬቱ ተረግጦ ለስልሷል። እኔ ነኛ፣ ማን ይሆናል፣ አልኳት። ሄለን እጄን ይዛ አወረደችኝ እንጂ ዘቡን የተረከበኝ ሰው የለም።

ትናንት ይልማ ደወለ። ግንቡ ሥር ቆሜ ነበር ስልኩን ያነሳሁት። ሰብለ እንደወፈረች፣ የእሱንም ልብ ሐኪሙ ቼክ አድርጎ እንደተደሰተ ነገረኝ። ከዚያ ወሬው አለቀ።

«እዚያ ገና ሌሊት ነው አይደል?» አለኝ።

«ሊነጋ ነው።»

ሲተነፍስ ይሰማኛል። «አስኩ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ምን አለ?»

በአጠገቤ ያለው እርምጃ ጥጉ ደርሶ እስኪዞር ጠበቅኩ።

«ሁሉም ደህና» አልኩት። «ሂድ፣ ተኛ።»